የሸሪፍ ቤት ተራ

አማን፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ።

ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ ሙዐዊያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ። ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል? ሮቢ ወንዝ ሞላ ወይስ ገና ነው? እትዬ ዘምዘምስ፣ ልጅዎ ኸድርና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የሚያመኝ ነገር የለም፣ የሚበላም አላጣሁም።

ደብዳቤ የምጽፈው በእርስዎ ትእዛዝ ነው። በስልክ የላክሁትን ድምፅ ኸድር ሲያሰማዎ፣ «የውሃ ነገር በወሬ አይያዝም፤ በወረቀት ትጻፈውና የቦዩ ጉባኤ ፊት ይነበባል» አሉ ብለው ነገሩኝ። ወረቀቱ ይኸው። ትምህርት ከተውኩ ወዲህ ይህን ያህል በእጄ ጽፌ ስለማላውቅ ፊደሌ ቢንጋደድ አይሳቁብኝ።

ጉዳዬን እርስዎ ያውቁታል፤ ለጉባኤው እንዲሆን ግን ከመጀመሪያው ልጻፈው። እኔ ዙልፋ፣ የአክስትዎ ልጅ የሸሪፍ ልጅ ነኝ። አባቴ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ሰኔ 2014 ከሞተ ወዲህ በቦዩ ላይ ያለችንን ማሳ እናቴ መሪያም በእኩል እያሳረሰች ማሾና ሽንኩርት ታወጣባታለች። እሷ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ እንኳን አካፋ ምርኩዙም ይከብዳታል። ወንድም የለኝም። እኔም እዚህ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። በኅዳር የቦይ ጠረጋ ከቤታችን ሰው ባለመውጣቱ ሁለት ዓመት ተቆጥሮብናል። ሦስተኛው ከተቆጠረ የውሃ ተራችን እንደሚነጠቅ አውቃለሁ። ያቺ ማሳ ያለ ውሃ ድንጋይ ናት። የምልከው ገንዘብ ለእናቴ መድኃኒት ነው፤ የምትኖረው በማሳዋ ነው። እኔም ስመለስ የምገባበት ሌላ ነገር የለኝም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። አንድ ጉልበተኛ ይቀጠርና በሸሪፍ ቤት ስም አካፋ ይያዝ። ለእሱ የሚከፈለውን የአጣዬዋ ኑርሃን ይዛዋለች፤ ለሁልጊዜው ወደ አገሯ እየገባች ነው። ለእርስዎም ጃኬት ልኬያለሁ። ጥሩ ጃኬት ነው፤ የምሠራበት ቤት ጌታ ሁለት ጊዜ እንኳ አልለበሰውም።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ዙልፋ ሸሪፍ

———

ሸዋ ሮቢት፣ ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጃችን ለዙልፋ ሸሪፍ፤

ወዐለይኪ ሰላም ወረህመቱላህ። አላህ በሰው አገር ያለ ዕንቅፋት ያቆይሽ። ሮቢ ሞልቷል። ውሃውን ወደ ቦዩ የምንመልስበትን ጠለፋችንን ሁለት ጊዜ ጠራርጎ ወስዶታል፤ ቦዩ ውስጥ የተኛው ደለል እስከ ጉልበት ይደርሳል። ኅዳር ላይ የሚጠብቀንን ሥራ ከወዲሁ ዕወቂው።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፊደልሽ አልተንጋደደም፤ የተንጋደደው ጥያቄሽ ነው።

ቅጥር ሰው አይቆጠርም። ይህን ከማንም በላይ አባትሽ ያውቅ ነበር። አንድ ነጋዴ ሦስት ቅጥረኞች አሰልፎ በመጣ ጊዜ፣ «እነዚህ ነገ ሌላ ቦታ ይቀጠራሉ፤ በውሃ የተጣላን ቀን ማንን እንጠራለን?» ብሎ የመለሳቸው ሸሪፍ ነው። እኔ ያን ቀን ዝም ብዬ ነበር፤ ነጋዴው ወዳጄ ስለነበር። በሸሪፍ ምክንያት ዳኝነቴ ዳነ። አሁን በእሱ ቤት ስም ቅጥረኛ ባስቆፍር ከመቃብሩ ተነሥቶ ያስወጣኛል።

ሕጉ የቤቱን ሰው ይላል። የቤቱ ሰው ከጠፋ በሌላ ቤት ያልተቆጠረ የሥጋ ዘመድ ይሆናል። ዘመዶችሽን አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ ኸድርም ሆነ ሌሎቹ በየራሳቸው ቤት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ወይ አንቺ ትመጫለሽ ወይ ሦስተኛው ይቆጠራል። ቀኑ ኅዳር 9፣ ሰኞ ነው።

ገንዘቡን ለእናትሽ ሰጥቻታለሁ። ጃኬቱን በተመለከተ፣ እኔ ይህን ለብሼ ሸዋ ሮቢት ገበያ ብታይ ሙዐዊያ አበደ ይባላል። ሌሊት ተነሥቶ ብርዳሙን ጣርማ በር ለሚሻገረው ለፍፁም ሰጠሁት፤ ሚኒባሱን ሲነዳ ይለብሰዋል። ይህን ደብዳቤም አዲስ አበባ ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ እሱ ነው። ጃኬቱ ቢያንስ ለዚህ ጠቀመ።

እናትሽ የምትኖሪበትን ሰፈር ፎቶ አሳየችኝ። ኮረብታው ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ቤት ነው። የሚኖሩበት ሀብታሞች ናቸው አለችኝ፤ ይህን አላመንኳትም። በእኛ አገር ሽቅብ የወጣ ሰው የሸሸ ሰው ነው። ውሃ የሚወርደው ወደ ታች ነው፤ ሀብትም የሚከተለው ውሃን ነው። ያን ሁሉ ቤት ኮረብታ ላይ ምን ያጠጣዋል? ይህን ጻፊልኝ፤ የምጠይቅሽ ለሥራዬ ነው።

አላህ ይጠብቅሽ።

ሙዐዊያ፣ የውሃ አባት

———

አማን፣ ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ሙዐዊያ፤

ሰላምታዬ ቤትዎን ሁሉ ያዳርስ። ክረምቱን በጤና ያወጣችሁ ጌታ ምስጋና ይገባዋል። ገንዘቡን ለእናቴ ስላደረሱላት አላህ ይስጥልኝ፤ ለጃኬቱም አልተቀየምኩም።

እሺ፣ ለሥራዎ ልጻፍልዎ። ታች ካለው ገበያ እስከ በራችን ድረስ ሁለት መቶ አርባ ደረጃ ነው። በእሱ የሚወጣና የሚወርደው ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ባለቤቶቹ በኮረብታው ጀርባ በመኪና ይመጣሉ። ቤቱ ሁሉ በአንድ ዓይነት ነጭ ድንጋይ የተለበጠ ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ጊዜ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። ከታች ጩኸት ነው፣ መሃል ላይ የልጆች ድምፅ አለ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ጸጥ ይላል። ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም። ውሾቹ ግን ይተዋወቃሉ፤ የሚያንሸራሽሯቸው ሠራተኞች ናቸዋ።

ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። የእኛ ማክሰኞ ነው። ይህን የሰማሁ ዕለት ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ከተራ ሸሽቼ ተራ ተቀበለኝ። ልዩነቱ እዚህ የውሃ አባት የለም። የሚጠራም የሚቆጥርም የለም። ባለጠጋው ምድር ቤቱ ውስጥ ኩሬ የሚያክል ታንከር አለው፤ በሞተር ይስባል። ሞተሩ የበረታ ይጠጣል። እኛ ቤት ከዚያ ውሃ ግማሹ ለጽጌረዳ ነው። አትክልተኛው ጓንት አድርጎ ነው የሚያጠጣው፤ ቢጫ ጓንት፣ እስከ ክንዱ የሚደርስ። ቢያዩት ይስቃሉ።

ከአጥራችን ሥር ደግሞ ከኮረብታው ቤት ሁሉ ያረጀች አንዲት ትንሽ ቤት አለች። ሲት አሪፋ የሚሏት ባል የሞተባት ሴትዮ ናት የምትኖርባት። ቤቷን ሽጪ ቢሏት እምቢ ብላ ቀረች። ጣሪያዋ ላይ ያለችው ታንከር ቅዳሜ ሳይደርስ ትደርቃለች። የእኛ ግን ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሞልቶ ትርፉ መንገድ ላይ ይፈስ ነበር። ትርፍ የታችኛው ነው ብዬ ቱቦውን በአጥሩ አሳልፌ ለእሷ ለቀቅሁላት። ስምንት ወር ሆነኝ። እሷም በየማክሰኞው አንድ ሰሃን ወይራ ታቀብለኛለች። ማንንም አልጠየቅሁም፤ በእኛ አገር ለትርፍ ማን ይጠይቃል?

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርዎ። እመቤቴ ለኅዳር የአንድ ወር ፈቃድ ሰጥታኛለች። ቲኬቱንም ቆርጣልኛለች፤ ጥቅምት 29 እነሣለሁ። እንግዲህ ለእናቴ ይንገሯት፤ ከሸሪፍ ቤት ሰው ይወጣል ኢንሻአላህ። ምን ይዤልዎ ልምጣ? ጃኬት አልልም።

ልጅዎ ዙልፋ

———

ሸዋ ሮቢት፣ መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙልፋ፤

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ። ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላት። ስለ ፈቃዱ ያለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ለሌላው ጆሮም አልሰጠች።

ምንም አታምጪልኝ። አካፋ ካሰብሽ የአባትሽ አለ። እጀታው ተበልቶ ስለነበር ኸድር በዋንዛ ቀየረው። እኔ አልነካሁትም። የውሃ አባት አካፋ አይነካም፤ የነካ ቀን የሹመት ዱላውን ያስረክባል፤ ቆፋሪና ዳኛ አንድ ሰው አይሆንምና። እነሆ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ የቃዲ እጅ ሆኖ ለስልሷል።

ጓንት አድርጎ ውሃ የሚያጠጣውን ሰው ለምክትሌ ለኡበይድ ነገርኩት። እስካሁን ይስቃል። እጁን ከውሃው ነው የሚጠብቀው ወይስ ውሃውን ከእጁ?

ያልወደድኩት አንድ ነገር አለ። ትርፍ የታችኛው ነው ያልሽው የእኛ ቦይ ሕግ ነው፤ ሕጋችን ደግሞ ከቦያችን አይወጣም። እዚያ ትርፉ የማን እንደሆነ የምታውቀው ባለቤቲቱ ናት። ጠይቂያት። እሺ ካለች ምንዳ ታገኚበታለሽ፣ እምቢ ካለች ደግሞ ቱቦውን ታነሺዋለሽ። ሳይጠይቁ የሰጡት ነገር፣ መልካም ቢሆንም፣ ባለቤቱ ያየው ቀን ስሙ ይለወጣል።

በደህና ግቢ።

ሙዐዊያ፣ የውሃ አባት

———

አማን፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ሙዐዊያ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ይህ ገጽ ለጉባኤው ይነበብልኝ። አልመጣም። ምክር የሰጡበት ደብዳቤ የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ነገሩ የሆነው ከዚያ በፊት ባለው ማክሰኞ ነው። እመቤቲቱ ሳትጠበቅ ወደ ጓሮ ወጣችና ቱቦውን አየች። «ይህ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለችኝ። ልዋሻት አልቻልኩም፤ አስር ወር አልኳት። አልጮኸችም። በዚህ ኮረብታ ላይ ማንም አይጮህም። «ፈቃዱን የሰጠሁት ስጠይቃት ለምታምን ሰው ሳይሆን፣ ጠይቃኝ ለምትሠራ ሰው ነበር» ብላ ቲኬቱን አሰረዘችው። ቱቦውን አትክልተኛው በጓንቱ ጠቅልሎ ወሰደው። ትርፉ እንደ ድሮው መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ ሠራተኞች እግራችንን እያነሣን እንሻገረዋለን። የውላችን ጊዜ ገና ዓመት ይቀረዋል።

ጉባኤውን የምለምነው እንዲህ ብዬ ነው። ሦስተኛውን ዓመት አትቁጠሩብን። ለሚመጣው ኅዳር በሕይወት ካለሁ የሁለት ሰው ሥራ እሠራለሁ።

ሁለተኛው ገጽ ለእርስዎ ብቻ ነው። ለእናቴም አያንብቡላት።

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር በስልክ ትንሽ አወራን። ተራችን ከተነጠቀ ከእኛ ቀጥሎ ላለው ማሳ እንደሚያልፍ አውቅ ነበር። ያ ማሳ አሁን የኸድር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። እናቴ የነገረችኝ እንደ ዋዛ ነው፤ ጎበዝ ገበሬ ሆኗል ብላ። ጋሼ ሙዐዊያ፣ ሁለት ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ስለ ጃኬት ጽፈዋል፣ ስለ ጓንት ጽፈዋል፣ ስለ አባቴ ጽፈዋል። ተራችን ለልጅዎ እንደሚያልፍ አልጻፉም። አካፋውን እንኳ ጠግኖ የሚጠብቀኝ እሱ ነው።

ቅጥር ሰው የከለከሉኝ ለሕጉ ብለው ነው? ይህን ማሰቤ ያሳፍረኛል፤ ግን አስቤዋለሁ፣ አልደብቅዎትም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ሲት አሪፋ ወሬውን ሰምታ በአጥሩ በኩል እጄን ይዛ ቆየች። የምትለው ቃል ግማሹ አልገባኝም፤ ቢሆንም ከእኔ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም።

ዙልፋ ሸሪፍ

———

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዙልፋ ሸሪፍ፤

አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ ልብሽን ያሳርፍልሽ። እናትሽ ደህና ናት። ይህ ጽሑፍ ከወትሮው የተንጋደደ ከሆነ ምክንያቱን ወደ በኋላ ታገኚዋለሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኅዳር 4 ነው። ስለ ኸድር የጻፍሽው እውነት ነው። ማሳውን ዓምና በሚስቱ ወገን በውርስ አገኘው። አልጠየቅሽኝም ብዬ ልመልስልሽ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ ተውኩት። ያልነገርኩሽ ስላፈርኩ ነው። ስትመጪ ነገሩ በራሱ ያልቃል፣ ማንም ሳያነሣው ይቀራል ብዬ ነበር። ቅጥር የከለከልኩሽ ግን ለሕጉ ነው፤ ማመን አለማመኑን ለአንቺ ልተወው።

ሰኞ ማለዳ አርባ አንዱ ቤት በጠለፋው አፍ፣ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ስም ጠራሁ። የሸሪፍ ቤት ጋ ስደርስ አንዴ ጠርቼ ደብዳቤሽን አወጣሁና የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። ስለ ቱቦው ሲሰሙ ሰዎች ተንጫጩ። አንዱ ተነሥቶ፣ «ልጅቷ የእኛን ሕግ እዚያ ድረስ ወስዳ ጠብቃ ነው የተቀጣችው፤ በአማን ቦይ ጠርጋለች ተብሎ ይቆጠርላት» አለ። ብዙው ደገፈው። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። በአማን ቦይ ላይ ዳኝነት የለንም፤ የእኛ ደለል ያለው እዚህ ነው አልኳቸው። ምሕረቱንም አልፈቀድኩም። ዘንድሮ ለአንቺ ያለፈ፣ ለከርሞ ለሁሉም ያልፋል፤ ከዚያ ቦይ የሚባል አይኖርም።

ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩ። ለእርስዎ ብቻ ብለሽ ነበር፤ አውቃለሁ። በዳኛ ላይ የተጻፈ ክስ ዳኛው ኪስ ውስጥ አይቀርም። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ «ለልጅዎ እንደሚያልፍ አልጻፉም» የሚለውንም ጭምር። አርባ ሰው መሬት መሬት ያይ ነበር። ኸድር ብቻ እኔን ያየኛል። የአንቺን ተራ ተማምኖ የሽንኩርት ችግኝ አፍልቷል ለካ፤ ይህን ያወቅሁት እዚያው ቆሜ ፊቱን አይቼ ነው። እናትሽም ነበረች። በሰው ትከሻ ተደግፋ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የምደብቃት መንገድ ስላላገኘሁ ይቅር በይኝ።

ሕጋችን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራ ይላል። «የሸሪፍ ቤት» ብዬ ሁለተኛ ጠራሁ። ዱላዬን ኡበይድ እጅ ላይ አስቀመጥኩና ሦስተኛውን ጠራሁ።

«አለሁ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ጩኸት ሆነ። ሁለት ሰዎች አይቻልም አሉ። ኡበይድ አዲስ ሹም አይደል፣ መሬቱን በዱላው ሁለቴ መታና ጠየቃቸው፤ ሙዐዊያ የሸሪፍ የሥጋ ዘመድ ነው ወይስ አይደለም? ነው። በሌላ ቤት ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም? ሃያ ሁለት ዓመት ዳኛ ነበርና በየትም ቤት አልተቆጠረም። «እንግዲያ ይቆፍር» አለ። ደህና ዳኛ ይወጣዋል። የአባትሽን አካፋ ከኸድር እጅ ተቀበልኩ። ሲሰጠኝ አላናገረኝም፤ እስከ ዛሬም አላናገረኝም። ይመለሳል፤ ልጄን አውቀዋለሁ።

ድርሻችን አስራ ሁለት ክንድ ነበር። ጨረስኩት። የጨረስኩት ከሁሉ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ማንም እንዳያግዘኝ ሕጉ ስለሚከለክል ዳር ቆመው አዩኝ። እናትሽ እስከ መጨረሻው አልተነሣችም። ስንመለስ አንዲት ነገር ብቻ አለችኝ፤ «ሸሪፍ ቢሆን በቀትር ይጨርሰው ነበር።» እውነቷን ነው።

ለአንቺ ብዬ ያደረግሁት እንዳይመስልሽ። ግማሹ ለአንቺ ነው። ግማሹ፣ ሙዐዊያ ሃያ ሁለት ዓመት ዳኝቶ በመጨረሻ አባቷ የሞተባትን የቲም ውሃ ለልጁ አጠጣ እንዳይባል ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔን አልቆጨኝም። የቆጨኝ አንቺ ሳትጽፊልኝ በፊት አለመናገሬ ነው።

ስለዚህ ዕወቂው፦ ሦስተኛው ዓመት አልተቆጠረም። ያለፉት ሁለቱም ተፍቀዋል፤ አንድ ጊዜ የወጣ ቤት እንደ አዲስ ይጀምራልና። ተራችሁ እንደ ጥንቱ ሐሙስ ከቀትሩ ዙህር እስከ ከሰዓት በኋላው ዐስር ሶላት ነው። ትናንት ውሃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ማሾው ጠጥቷል። ትርፉ ወደ ኸድር ማሳ ወርዷል፤ እዚህ ትርፍ የታችኛው ነው።

ምንም አታምጪልኝ ብዬሽ ነበር። አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። መዳፌ ሁለቱም ተልጧል፤ ብዕሩን የያዝኩት በሦስት ጣት ነው። ያ አትክልተኛ የሚያደርገውን ቢጫ ጓንት ግዢልኝ፤ ትልቁን ቁጥር። ስለ እሱ የሳቅሁትን አውፍ በይኝ፤ ኡበይድ ግን አሁንም ይስቅ። አትቸኩዪ፣ የሚፈለገው ለሚመጣው ኅዳር ነው። አንቺው ይዘሽው ከመጣሽ ደግሞ በእጅሽ ልክ ትንሹን ቁጥር ግዢ።

ሙዐዊያ፣ ከሸሪፍ ቤት